ጠመንጃና ሕግ

ጠመንጃ ልብ የለውም። የያዘው እጅ ወዳዞረው ይዞራል፤ ወንበዴንና ንጹሕን ሰው አይለይም። ስለዚህ ጠመንጃ ማን ይያዝ፥ ማንስ አይያዝ የሚለው ነገር ሰዎችን ብዙ ዘመን አከራክሯል። ልጆች ሆይ፥ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ዳኝነት አይደለምና፥ አስቀድማችሁ የሁለቱን ቃል አድምጡ።

የመጀመሪያው ወገን እንዲህ ይላል። «መሣሪያ የሌለው ሕዝብ በጠላት እጅ ይወድቃል።» ምስክርም ያመጣል። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተነገረው፥ ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል አገር ብረት ሠሪ እንዳይገኝ ከልክለው ነበር። ገበሬው ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ ነበር፤ የጦርነትም ቀን በደረሰ ጊዜ ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍ ያለው አልተገኘም። በኢትዮጵያም ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው ብዙ ጠመንጃ ከውጭ አገር አስመጥተው ነበርና፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የመጣው ጠላት ድል ሆነ። በ1927 ዓ.ም. ግን እንግሊዝና ፈረንሣይ ለኢትዮጵያም ለኢጣሊያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው እኩል ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ኢጣሊያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፥ ኢትዮጵያ ግን አልነበራትም። ጦርነቱ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ ጉዳቱ የማን እንደ ሆነ ታየ።

ሁለተኛው ወገን እንዲህ ብሎ ይመልሳል። «ለአገር ጠላት የተገዛው ጠመንጃ ጠላት ከሄደ በኋላ በቤት ይቀራል፤ በቤትም ወንድም ወንድሙን ይገድልበታል።» ሁለት ጎረቤቶች በእርሻ ድንበር ተጣሉ እንበል። በእጃቸው በትር ብቻ ቢኖር፥ ክንድ ይሰበራል፤ ክንዱም በወጌሻ ይጠገናል፤ ሽማግሌዎችም ያስታርቋቸዋል። በእጃቸው ጠመንጃ ቢኖር ግን አንዱ ይሞታል። የሟች ልጅ ደም መላሽ ይሆናል፤ የገዳይም ልጅ ተደብቆ ይኖራል። የአንድ ቀን ቁጣ የሁለት ቤት ውርስ ሆነ ማለት ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የወጣች ጥይትም አትመለስም።

እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች እውነት ያለበት ነገር ተናገሩ። ታዲያ ፍርዱ እንዴት ይሁን? በሙሴ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላ ሰው እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ሕጉ ቤት መሥራትን አልከለከለም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ለጎረቤቱ ነፍስ ኃላፊ እንዲሆን አደረገ። የመሣሪያ ሕግም መከታን ይመስላል።

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝና በሥውር መነገድ ያስቀጣል፤ የቁጥጥሩም ሥራ ለፌዴራል ፖሊስ ተሰጠ። ነገር ግን መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አገሮች ለሚኖሩ ሰዎች፥ አስመዝግበው ፈቃድ የሚያገኙበት መንገድ ተመለከተ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሳለ፥ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በእጃቸው ያለውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ።

የአዲስ አበባን ዙሪያ ብንመለከት የዚህ ነገር ምክንያት ይገለጣል። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ተጠቃለሉ። ቀድሞ በዚያ አገር ቤትን ከቤት የሚለየው ማሳና የግጦሽ መስክ ነበር። ሌሊት አውሬ ወይም ሌባ ቢመጣ ረዳት ሩቅ ነበርና፥ ገበሬው በጠመንጃው ይታመን ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ማሳ መኖሪያ ሆኗል፤ ግድግዳም ከግድግዳ ተጠግቷል። በሠርግ ወይም በለቅሶ ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት በሰማይ አትቀርም፤ ትወርዳለች። በሜዳ ብትወርድ አፈር ታገኛለች፤ በከተማ ብትወርድ ግን የተኛ ሕፃን ታገኝ ይሆናል። ጠመንጃው ያው ነው፤ የተለወጠው አገሩ ነው።

ሌሎች ሕዝቦችም በዚህ ነገር ተከራክረዋል። በአሜሪካ መሣሪያ የመያዝ መብት በ1791 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሕገ መንግሥታቸው ተጻፈ፤ ስለ ወሰኑም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በአውስትራሊያ በ1996 በዚያው አቆጣጠር አንድ ሰው ፖርት አርተር በምትባል ስፍራ 35 ሰዎችን ገደለ። ከዚህ በኋላ መንግሥቱ ሕጉን አጠበቀ፤ ከ600,000 የሚበልጥ ጠመንጃም ከሕዝቡ ገዝቶ አጠፋ።

ነገር ግን ሕግ በወረቀት ብቻ ሰውን አያድንም። «መሣሪያህን አስመዝግብ» የሚል መንግሥት፥ የዚያን ሰው ቤት፥ ከብትና ልጆች መጠበቅ ይገባዋል። ጠባቂ የሌለው ሰው ጠመንጃውን አይለቅም፤ ጎረቤቱም እርሱን ፈርቶ ሌላ ጠመንጃ ይሻል። ፍርሃት ከፍርሃት ይወለዳልና። በሕግ የሚታመን ሰው ግን በሰላም ይተኛል።

መሣሪያን የሚያስጥል ኃይል ሁሉ ከመሣሪያ አይመጣም። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ የተባለውን በትር የያዙ ሴቶች በሚጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ፥ ጠበኞቹ ጠባቸውን ማቆም ይገባቸዋል። ያ በትር ቀጭን ነው፤ የሚያስፈራው አክብሮት ነው።

ልጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ጠመንጃ ብታዩ ጎርሷል ወይም አልጎረሰም ብላችሁ አትንኩት፤ ለታላቅ ሰው ንገሩ። በጨዋታም ቢሆን ወደ ሰው አታነጣጥሩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቁጣችሁን መግዛት ተማሩ፤ ቁጣውን ያልገዛ ሰው ፈቃድ ቢኖረውም ለመሣሪያ የተገባ አይደለም።

ጥያቄ።
1. በ1927 ዓ.ም. የተደረገው ክልከላ ለሁለቱ አገሮች እኩል ያልሆነው ስለ ምንድር ነው?
2. የመሣሪያ ሕግ በጣሪያ ዙሪያ ያለ መከታን የሚመስለው እንዴት ነው?
3. በሱሉልታ፥ በሰበታና በቡራዩ ምን ተለወጠ?
4. መሣሪያን የሚያስመዘግብ ሰው ከመንግሥት ምን ሊያገኝ ይገባዋል?