ኦቲዝምና የታይሮይድ ዕጢ፦ ዝምድናቸው እስከ ምን ድረስ ነው?

ታይሮይድ በአንገታችን የፊት ክፍል የሚገኝ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። ከምግብ በሚያገኘው አዮዲን አማካይነት ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ያመርታል። ይህ ሆርሞን በጽንሱ አንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት ወደየቦታቸው እንዲጓዙና እርስ በርስ እንዲገናኙ ይረዳል። የጽንሱ ዕጢ ግን ሆርሞን ማምረት የሚጀምረው ከ12ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ጽንሱ የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ብቻ ነው።

ታዲያ የእናቲቱ ታይሮክሲን ቢያንስ ምን ይከተላል? በኔዘርላንድስ፣ በሮተርዳም ከተማ 4,039 እናቶችንና ልጆቻቸውን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በእርግዝናቸው መጀመሪያ ታይሮክሲናቸው እጅግ ያነሰ እናቶች የወለዷቸው ልጆች፣ በ6 ዓመታቸው የኦቲዝም ምልክቶች የማሳየት ዕድላቸው ከሌሎቹ አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

ሆኖም የሁለት ነገሮች አብሮ መታየት አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ምልክቶቹ የተመዘኑት ወላጆች በሞሉት መጠይቅ እንጂ በሐኪም ምርመራ አልነበረም። በኦቲዝም ላይ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ደግሞ የዘር ውርስ ነው። ስለሆነም ኦቲዝም ያለበት ልጅ የወለደች እናት ራሷን የምትወቅስበት ምክንያት የለም።

በማያከራክር ሁኔታ የታወቀው ግን ከባድ የአዮዲን እጥረት የጽንሱን የአእምሮ ዕድገት የሚጎዳ መሆኑ ነው። እንቅርት በስፋት ሲታይባት በኖረችው አገራችንም በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዝዟል። የታይሮይድ ሕመም ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪም ብታማክር፣ ለራሷም ለሚወለደውም ልጅ ይበጃል።