ቁጥሩና የሰዎቹ ቃል ሲለያዩ

ጥያቄ፦ በገንዳ ውሃ ከተማ ዙሪያ ስለ ድህነት የመመረቂያ ጥናት እያካሄድኩ ነው። ኅዳር ላይ ባስሞላሁት መጠይቅ ደህና ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች፣ ቁጭ ብለን ስናወጋ «ድሆች ነን» ይሉኛል። የትኛውን ልመን?
ጠያቂ፣ ከመተማ

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ኅዳር የሰሊጥ ገንዘብ እጅ የሚገባበት ጊዜ ነው። የአንድ ወር ገቢ ብቻ ጠይቀው ከሆነ የክረምቱ የአረም ወጪና ለእሱ የተገባው ዕዳ አይታይም፤ እሱን የሚነግርዎ ወጉ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ ከቤት መዝገብ የተወሰደ ናሙና ከደጋ ወርደው እርሻ ላይ የሚያድሩትን የቀን ሠራተኞች ይስታቸዋል።

ቁጥርንና ወግን አብሮ የመጠቀም መንገድ በአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ጥናት በ15 መንደሮች ቤተሰቦችን በመጠይቅ ሲያጠና፣ የየመንደሩን አኗኗር የሚተርኩ ጥናቶችም አብረው ተሠርተዋል። ከአማራ ክልል የትመንና ሹምሽሃ ነበሩበት።

እርስዎም ነዋሪዎችን «እዚህ ድሃ የሚባለው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሳቸውንም መጠይቁ ውስጥ ያስገቡት። ከተቻለ ነሐሴ ላይ ወደ እነዚያው ቤቶች ይመለሱ። ቁጥርና ቃል የተጋጨባቸውን አምስት ስድስት ቤቶች መርጠው ረዘም አድርገው ያነጋግሩ። የጥቂት ሰዎችን ወግ ግን ወደ መቶኛ አይቀይሩ።

ናሙናውን ከመቀየርዎ በፊት የስታቲስቲክስ መምህር ያማክሩ። ስለ ድንበር ንግድ ወይም ስለ መፈናቀል የሚጠይቁ ከሆነ የዩኒቨርሲቲዎን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አስቀድመው ያግኙ። የቀን ሠራተኞቹን ደግሞ አደራ፣ ሳያነጋግሩ ጥናቱን አይዝጉ።