የጁምዓ መልእክት፦ ከዩኒፎርሙ ሥር ያለው ልብ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሚዛን፣ ቴፒ ወይም ማጂ ላይ ፖሊስ ስታዩ ቀድሞ የሚታያችሁ ምንድን ነው? ዱላው? መሣሪያው? ዛሬ ደግሞ ስለ ልቡ እናስብ።

በጥቅምት 2013 ጉራፈርዳ ውስጥ ንጹሐን ሲገደሉ ዜናውን ሰምተን አዘንን። ከዚያም ስልካችንን አስቀመጥን። እንዲህ ባለ ቀን ግን አስከሬን የሚያነሳ፣ ከምታለቅስ እናት ቃል የሚቀበል ሰው አለ። ማታ ደግሞ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ያቅፋል። ይህ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ፣ በትንሹ ቢቆጣ፣ ከሰው ቢሸሽ፣ መጠጥ ወይም ጫት ቢያበዛ ሕመም ሊሆን ይችላልና አትናቁት።

አቡ በክራ (ረ.ዐ) ሲጂስታን ውስጥ ዳኛ ለነበረው ልጁ ተቆጥቶ ሳለ በሁለት ሰዎች መካከል እንዳይፈርድ ጽፎለታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲከለክሉ ሰምቶ ነበርና። ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዑለሞችም ረሃብን፣ ጭንቀትንና ሐዘንን ከቁጣው ጋር ቆጥረዋል።

አስተውሉ! ያ ዳኛ ሕጉን ያውቃል። ልቡ ካልተረጋጋ ግን እውቀቱ ብቻውን ሐቅን አይጠብቅም። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ፖሊስ ወይም የማረሚያ ቤት ጠባቂ ቁጣው የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ገና ባልተፈረደበት ተጠርጣሪ ላይ፣ ወይም በሚስቱና በልጆቹ ላይ። ድካም ለዙልም ምክንያት አይሆንም፤ ተቆጥቶ የመታ በዳይ ነው። ስለዚህ ሳይበድል በፊት መታከሙ የእርሱም፣ በእጁ ያለው ሰውም ሐቅ ነው።

«ኢማኑ ደክሞ ነው» አትበሉት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል። ሶላቱን ይጠብቅ፣ ዱዓ ያድርግ፣ ሐኪምም ዘንድ ይሂድ። በአቅራቢያው ካለ ጤና ተቋም ይጀምር፤ ከፍ ላለ ሕክምና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል አሉ። መሣሪያ የያዘ ሰው ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ብቻውን አትተዉት፤ መሣሪያው ከእጁ እንዲወጣ ለአለቃው ወይም ለቤተሰቡ ወዲያው ንገሩ።

ዛሬ ከሶላት ስትወጡ አንድ ፖሊስ ሰላም በሉ። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ አንድ ስኒ ቡና ጋብዙትና «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት።

አላህ በሰው ሐቅ ላይ የተሾሙትን ልባቸውን ያረጋጋልን፤ የታመሙትን ያሽርልን። አሚን። ጁምዓ ሙባረክ!