አንድ ሰዓት ወይስ ዘጠኝ? የሕክምና ቸልተኝነት በፍርድ ቤት ፊልሞች

የፍርድ ቤት ክርክርን የሚተርኩ ፊልሞች የሕክምና ስሕተትን ደጋግመው ያነሣሉ። ታማሚ ይጎዳል፣ ሐኪም ይክዳል፣ በመጨረሻው ሰዓት አንድ ምስክር ይቀርብና እውነቱ ይወጣል። በእንጅባራና በዳንግላ እነዚህን ፊልሞች ከሚመለከቱ ተማሪዎቻችን መካከል ነገ ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ጠበቃና ዳኛ የሚሆኑ አሉ። ስለዚህ ፊልሞቹ የሚያሳዩት ቸልተኝነት በሳይንስና በሕግ ሚዛን ሲመዘን ምን ያህል እንደሚታመን መመርመር ተገቢ ነው። ለምርመራችን ከዘርፉ እጅግ ከታወቁት አንዱን፣ «ዘ ቨርዲክት» (ፍርዱ) የተባለውን ፊልም መርጠናል።

የፊልሙ ጭብጥ

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1982 በሲድኒ ሉሜት ዳይሬክተርነት የቀረበ ሲሆን፣ የተመሠረተው የቦስተን ጠበቃ የነበረው ባሪ ሪድ በጻፈው ልብ ወለድ ላይ ነው። ለመውለድ ሆስፒታል የገባች ሴት ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣታል፤ በጭምብሉ ውስጥ ታስመልሳለች፤ ልቧ ይቆማል፤ አንጎሏ ኦክስጅን በማጣቱም ራሷን እንደሳተች ትቀራለች። በካርዷ ላይ የሚነበበው ምግብ ከበላች 9 ሰዓታት እንዳለፉ ነው። ይሁን እንጂ የተቀበለቻት ነርስ በመጀመሪያ የጻፈችው «1» ነበር። በተከታታይ ሲያዋልድ የደከመው ሐኪም ካርዱን ሳያነብ ቀርቶ፣ ኋላ «1»ን ወደ «9» እንድትለውጥ አስገድዷታል።

ሳይንሱ ምን ይላል?

አደጋው ራሱ የሚታመን ነው። ማደንዘዣ እንደ ሳል ያሉትን የሰውነት መከላከያዎች ስለሚያጠፋ የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አሲዱ ሳንባን ያቃጥላል፤ ያልተፈጨው ምግብ የአየር ቧንቧን ይዘጋል። ኩርቲስ ሜንደልሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ የኒው ዮርክ ሆስፒታል ከተመዘገቡ 44,016 እርግዝናዎች መካከል ይህ የደረሰባቸውን 66 እናቶች ጠቅሷል። ዛሬ ቀጠሮ ተይዞለት ለሚደረግ ቀዶ ጥገና ከቀላል ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓታት፣ ከውሃ ደግሞ 2 ሰዓታት መታቀብ ያስፈልጋል።

የፊልሙ ድክመት የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው። በምጥ ላይ ላለች እናት የጾም ሰዓት ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። በእርግዝና ወቅት የሚበዛው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በጨጓራና በጉሮሮ ቧንቧ መካከል ያለውን ጡንቻ ያላላል፤ ማሕፀን ጨጓራን ወደ ላይ ይገፋል፤ የምጥ ሕመምና እንደ ፔቲዲን ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ጊዜ ያራዝማሉ። በመሆኑም ከ9 ሰዓታት በፊት የበላች እናት እንኳ ጨጓራዋ ሙሉ እንደሆነ ትቆጠራለች። ሁኔታው ሲፈቅድ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዝ፣ በጀርባ በኩል የሚሰጥ መድኃኒት ይመረጣል፤ ሙሉ ማደንዘዣ ግድ ሲሆን ደግሞ የአየር ቧንቧዋ ቱቦ ገብቶለት ይጠበቃል። እንግዲህ «9» እውነት ቢሆን እንኳ ሐኪሙን ነጻ አያወጣውም። ፊልሙ በአንድ አኃዝ ላይ ሲያተኩር «የአየር ቧንቧዋን ለመጠበቅ ምን ተደረገ?» የሚለውን ዋና ጥያቄ ሳይጠይቅ ያልፋል።

የአገራችን ሕግ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሥራውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ግዴታውን አለማወቁን በሚያሳይ ቸልተኝነት የሳይንሱን ወይም የጥበቡን ደንብ ከጣሰ ኃላፊ ይሆናል። በቁጥር 2647 መሠረት ሐኪም በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር «አድናለሁ» ብሎ ዋስ አይሆንም። በቁጥር 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋሙ በሠራተኞቹ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲቀጣ፣ እንደ ሐኪም ሕይወትን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱን ያከብዳል።

ከዚህ የምንረዳው ታማሚ መጎዳቱ ብቻውን ቸልተኝነትን እንደማያስረዳ ነው። ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦ የሙያው ደንብ ምን ነበር? ደንቡ ተጥሷል ወይ? ጉዳቱ የደረሰው በመጣሱ ምክንያት ነው ወይ? በፊልሙ ዳኛው የነርሷን ማስረጃ ውድቅ ቢያደርጉም፣ ከሕዝብ የተውጣጡት ፍርድ ሰጪዎች ሕሊናቸውን ተከትለው ለተጎጂዋ ይፈርዳሉ። በአገራችን እንዲህ ያለ የፍርድ ሸንጎ የለም፤ የሚወስነው ዳኛው ሲሆን የፍርዱንም ምክንያት በጽሑፍ ያሰፍራል።

ከአካባቢያችን አንጻር

በፊልሙ አኃዙ የተለወጠው በተንኮል ነው። በእኛ አካባቢ ግን ማንም ሳይዋሽ ተመሳሳይ ስሕተት ሊፈጠር ይችላል። ከአዊ ገጠር ቀበሌ ወደ ሆስፒታል የተላከች አንዲት እናት «በ7 ሰዓት በላሁ» አለች እንበል፤ ቀትር ካለፈ በኋላ ማለቷ ነው። ካርዱን የሚያነበው ባለሙያ በአውሮፓ አቆጣጠር ከተረዳው ግን 7 ሰዓት ማለት በእኛ ከጥዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል። በ8 ሰዓት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ብትገባ በእውነቱ ከበላች 1 ሰዓት ብቻ ሲሆናት፣ በወረቀቱ ግን 7 ሰዓታት ያለፏት ይመስላል። የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት 6 ሰዓት ነውና፣ ለቀላል ምግብ ከሚጠየቀው ጾም ጋር እኩል ነው። አፏን በአዊኛ የፈታች እናት ጥያቄው በቋንቋዋ ካልቀረበላት ደግሞ የስሕተቱ ዕድል ይጨምራል።

ሳይንሱ «የምታምጥ እናት ጨጓራ ሙሉ ነው» ብሎ መነሣቱ ከውሸትም፣ ከስሕተትም፣ ከድካምም የሚጠብቃት ለዚህ ነው። በዚያው በቦስተን አካባቢ ያሉ የሃርቫርድ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ያደረጉት መመሪያ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ከክፍሉ እንዳይለይና የደም ግፊትንና የልብ ምትን ቢያንስ በየ5 ደቂቃው እንዲለካ አስገድዷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 የቀዶ ጥገና ደኅንነት መጠይቅ አውጥቷል። ፊልሙ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚናገር አንድ ደፋር ምስክር ያሳየናል፤ እነዚህ ደንቦች ግን ጉዳቱ ሳይደርስ ይሠራሉ።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለ ፊልም ሲመለከቱ «ማን ዋሸ?» ከማለት አልፈው «ደንቡ ምን ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ነገ ካርድ የሚጽፉትም ሰዓቱን ሲያሰፍሩ አቆጣጠሩን ጭምር ይጻፉ።