«ማርቭል» ማድነቅ ነውን ወይስ መደነቅ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ብዙዎቻችን ትምህርታችንን የምንከታተለው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቅዱሳት መጻሕፍትንም በዚያው ቋንቋ የምናነብበት ጊዜ አለ። ታዲያ አንዱን ቃል በተሳሳተ ፍች ብንይዝ የምንባቡ ምሥጢር ያመልጠናል። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን «ማርቭል» የተባለውን ግሥ እንመልከት።

ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። ተአምር ማለት የሆነው «ሚራክል» እና ማድነቅ ማለት የሆነው «አድማየር» የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በግእዝም «አንከረ» ያለው ግሥ «መንክር» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው።

የተደነቅንበትን ነገር ስንጠቅስ ከግሡ ቀጥሎ «አት» የሚለው መስተዋድድ ይገባል። «ዊ ማርቭል አት ላሊበላ» ማለት «በላሊበላ እንደነቃለን» ማለት ነው። ሌላው ግሥ «ወንደር» ግን ሁለት ፍች አለው፤ መደነቅም ነው፣ «ይሆን እንዴ?» እያሉ በልብ መጠየቅም ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ «ማርቭል» ለዚህ ለሁለተኛው አያገለግልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ይህን ግሥ ስለ ጌታችን ይናገረዋል። በማቴዎስ 8፥10 ጌታ የተደነቀው በመቶ አለቃው እምነት ነው። በማርቆስ 6፥6 ግን የተደነቀው በገዛ አገሩ ሰዎች አለማመን ነው። እንግዲህ «ማርቭል»ን ሁልጊዜ «አደነቀ» ብለን ብንፈታው ጌታ አለማመንን ያመሰገነ ሊመስል ነው! ማድነቅ ምስጋና አለበት፤ መደነቅ ግን በመልካሙም በክፉውም ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው ፍች «ተደነቀ» ወይም «ተገረመ» የሚለው ነው።

ከዚህ የምንማረው የሰዋስው ሕግ ብቻ አይደለም። መቶ አለቃው ከአሕዛብ ወገን ሲሆን አመነ፤ አብረውት ያደጉት ግን «እናውቀዋለን» በማለት ተሰናከሉ። እኛም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደግን ነን። መዝሙሩን በቃላችን ይዘነዋል፣ ቅዳሴውን ለምደነዋል። መልመዳችን ግን እምነት ሊሆን አይችልም። ጌታ ዛሬ ወደ ጉባኤያችን ቢመጣ የሚደነቀው በእምነታችን ነው ወይስ በአለማመናችን? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።