መረቡ ምን ያህል ይውረድ? የሐይቅ ውኃ ሙቀትና የዓሣ አዋዋል

በሐይቅ ዳር ያሉ አጥቢያዎች ወጣቶችን በዓሣ ማስገር ሥራ ሲያደራጁ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ መረቡ ምን ያህል ወደ ታች ይውረድ የሚለው ነው። ትልቁ ዓሣ ከጥልቁ ይገኛል የሚል እምነት ስላለ ረጅም ገመድና ከባድ ማስመጫ ይገዛል። መረቡ ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ይወጣል። ምክንያቱን ለማስረዳት በደቡብ ወሎ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበትን ሐይቅ ምሳሌ እናደርጋለን።

ይህ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ነው። ፀሐይ የምታሞቀው ግን የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው። የሞቀው ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይሰፍራል፤ ቀዝቃዛው ከብዶ ከታች ይተኛል። በሀገራችን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ በመሆኑ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ሆኖም ውኃ ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀልለው መጠን፣ ከ4 ወደ 5 ዲግሪ ሲሞቅ ከሚቀልለው 30 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ትንሹ ልዩነት ሁለቱን ክፍሎች ለወራት ለያይቶ ለማቆየት ይበቃል። ነፋስ የሚያናውጠው የላይኛውን ብቻ ነው። ከላይ የሚወርደው የሞተ ነገር ከታች ሲበሰብስ በዚያ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣው ጥልቁን የሚሸሸው ከብርዱ ይልቅ የሚተነፍሰው ስለሚያጣ ነው።

በሐይቁ የሚሰገረው ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሌላ ስፍራ መጥቶ የተለቀቀ ሲሆን፣ ሙቅ ውኃ የሚወድና ምግቡን ብርሃን ከሚደርስበት ክፍል የሚያገኝ ነው። አምባዛ ከውኃው ወለል አየር መሳብ ስለሚችል የኦክስጅን እጥረትን ይበልጥ ይታገሣል።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ብራ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። የላይኛው ውኃ ሌሊት ሙቀቱን እየሰጠ ይከብዳል፤ ይሰምጣልም፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ድንበርም ይፈርሳል። በቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ ጥናት በዚህ ከፍታ ላይ ያሉ ሐይቆች በቀዝቃዛው ወቅት እንደሚደባለቁ አሳይቷል። መደባለቁ በዝግታ ከሆነ ኦክስጅን ወደ ታች ስለሚደርስ ዓሣው ዝቅ ብሎ መዋል ይችላል። በድንገት ከሆነ ግን የታፈነው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጧት ዓሣ አፉን ከፍቶ በውኃው ፊት ሲያጣጥር ወይም ሞቶ ሲንሳፈፍ ይታያል። በዚህ ጊዜ «ሐይቁን መርዘውብናል» የሚል ክስ ይነሣል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጋጫል። ካህናት በዚህ ጊዜ ዝም እንዳይሉ አደራ እንላለን። ነገሩ የብርዱ ወቅት ያመጣው ሊሆን እንደሚችል ለሕዝቡ ያስረዱ፤ የወረዳውን የዓሣ ሀብት ባለሙያ ያስጠሩ፤ ምክንያቱ እስኪታወቅም የሞተው ዓሣ እንዳይበላና እንዳይሸጥ ይምከሩ።

ከየካቲት ወዲህ ውኃው ሲሞቅ ቆሮሶ ለመራባት ወደ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይጠጋል። እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። የዓሣ ገበያ የሚደራውም በዐቢይ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላ አይበላ የሚለውን ለሊቃውንት እንተወዋለን፤ ኮሚቴዎችን የምንለምነው ግን በዚህ ወራት በዳርቻው ጠባብ ዓይን ያለው መረብ እንዳይጣል እንዲከለክሉ ነው። አንዲት እናት ስትያዝ በአፏ ያሉት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ።

ጥልቀቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠርሙስ ላይ ድንጋይ ታስሮ፣ ክዳኑ በሌላ ሲባጎ ተይዞ፣ በየአምስት ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ ይወርዳል። ከተፈለገው ጥልቀት ሲደርስ ክዳኑ ይነቀላል፤ ጥቂት ቆይቶ በፍጥነት ይሳባል፤ ወዲያው ሙቀቱ በቴርሞሜትር ይለካል፤ ውኃውም ይሸተታል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ በዚያ ጥልቀት ኦክስጅን የለም፤ መረቡ ከዚያ በላይ ይዘርጋ። ልኬቱ በየወሩ ይደገም፤ የጥር ልኬት ለሚያዝያ አያገለግልምና።