ካናቢስ፣ ሲቢዲ እና ሥር የሰደደ የነርቭ ሕመም፤ ማስረጃው የየትኛው ነው?

መግቢያ

የእናቴ ታላቅ እህት የስኳር በሽታ ከያዛቸው ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሁለቱም እግሮቻቸው ከጣታቸው ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሌሊት ሌሊት ያቃጥሏቸዋል፤ አንሶላ ሲነካቸው እንኳ እሳት የነካቸው ያህል ይሰማቸዋል። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን በሜሪላንድ የምትኖረው ልጃቸው በሰው እጅ አንዲት ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ላከችላቸው። በላይዋ «ሲቢዲ፣ 1000 ሚሊግራም» የሚል ጽሑፍ ነበረባት። አክስቴ ጠርሙሷን አሳዩኝና «አንቺ ልጄ፣ የምትማሪው ስለ መድኃኒት አይደል? ይህን ልውሰድ? የማታውን ኪኒንስ ልተወው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው ሁለት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ አሳሳቢ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም የካናቢስ ውጤቶች ለነርቭ ሕመም ስላላቸው ጥቅም የተገኘውን ማስረጃ መርምሮ፣ ማስረጃው በእርግጥ የሚመለከተው የትኛውን ንጥረ ነገር እንደሆነ ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የወንጀል ሕጉ ዓመት ሲቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነርቭ ራሱ ሲታመም

በቁስል ወይም በስብራት ጊዜ ነርቭ መልእክተኛ ነው፤ የተጎዳው ሌላ አካል ሆኖ ነርቭ ወሬውን ወደ አንጎል ያደርሳል። የነርቭ ሕመም ግን የሚመነጨው ስሜትን የሚቀበለውና የሚያስተላልፈው የነርቭ ሥርዓት ራሱ ሲጎዳ ወይም ሲታመም ነው። ታካሚዎች ማቃጠል፣ መውጋት፣ መደንዘዝ፣ ጉንዳን እንደሚርመሰመስ፣ ኤሌክትሪክ እንደሚነዝር እያሉ ይገልጹታል። ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ይባላል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ከ100 ሰዎች መካከል ከ7 እስከ 10 የሚሆኑት የነርቭ ሕመም ጠባይ ያለው ሥር የሰደደ ሕመም እንዳለባቸው ይገምታል።

ለእኛ አገር አንባቢ መንስኤዎቹ እንግዳ አይደሉም። ስኳር በሽታ፣ ኤችአይቪ፣ ሥጋ ደዌ፣ አልማዝ ባለጭራ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ሕመም፣ እንዲሁም ቫይታሚን ቢ6 ሳይታከልበት የሚወሰደው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አይሶኒያዚድ ይገኙበታል። ቀድሞ በስፋት ይታዘዝ የነበረው ስታቩዲን የተባለ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም ነርቭ ይጎዳ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር ከመከረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉት የተለመዱ ማስታገሻዎች ለዚህ ዓይነቱ ሕመም እምብዛም አይረዱም። የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን እና ዱሎክሴቲን ናቸው። የእነዚህን አቅም ለማነጻጸር ተመራማሪዎች አንድ ቀላል መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ይኸውም በፕላሴቦ ከሚገኘው ውጤት በላይ አንድ ተጨማሪ ሰው ሕመሙ በግማሽ እንዲቀንስለት ስንት ሰዎች መታከም አለባቸው የሚለው ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መድኃኒቱ የተሻለ ነው። በ2015 የታተመ ሰፊ ግምገማ አሚትሪፕቲሊን ለሚገኝበት ምድብ 3.6፣ ለጋባፔንቲን 6.3፣ ለፕሪጋባሊን 7.7 አግኝቷል። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ቁጥር ትንሽ ያማረ ነው፤ የአሚትሪፕቲሊን ሙከራዎች አብዛኞቹ የቆዩና ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያካተቱ ስለነበሩ ነው። ያም ሆኖ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱም ለሁሉም ሰው አይሠራም። ታካሚው ሌላ ነገር ቢፈልግ የሚያስወቅሰው አይደለም።

አንድ ተክል፣ የተለያዩ ሁለት ንጥረ ነገሮች

ከካናቢስ ተክል ከ100 በላይ ካናቢኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ተለይተዋል። ከሁሉ የታወቁት ሁለቱ ቴትራሃይድሮካናቢኖል (ቲኤችሲ) እና ካናቢዲዮል (ሲቢዲ) ናቸው። ቲኤችሲን በ1964 በንጹሕ መልኩ ለይተው አወቃቀሩን የገለጹት በእስራኤል ይሠሩ የነበሩት የሂየል ጋኦኒና ራፋኤል መሹላም ነበሩ። በሰውነታችን ውስጥ ንጥረ ነገሩ የሚያርፍበት ሲቢ1 የተባለው ተቀባይ ግን እስከ 1990 ድረስ ተለይቶ አልታወቀም ነበር፤ ሲቢ2 በ1993 ተከተለ። በመካከሉ፣ በ1992፣ የመሹላም ቡድን አንጎል ራሱ የሚሠራውን አቻ ንጥረ ነገር አግኝቶ አናንዳሚድ ብሎ ሰየመው፤ ስያሜው በሳንስክሪት ተድላ ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው።

ሲቢ1 በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር በብዛት ይገኛል። የሕመም መልእክት ከአንድ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ሲነቃቃ የላኪውን ሕዋስ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ቲኤችሲ ሕመም የማስታገስ አቅም ያገኘው ከዚህ ነው፤ የሚያሰክረውም በዚሁ ተቀባይ በኩል ነው። ስለሆነም ማስታገሱንና ማስከሩን መነጣጠል እስካሁን አስቸጋሪ ሆኗል። ሲቢዲ በአንጻሩ ከሲቢ1 ጋር ያለው ትስስር በጣም ደካማ ነው። አያሰክርም። ነገር ግን የማያሰክርበት ምክንያት፣ ማለትም ያንን ተቀባይ አለማነቃቃቱ፣ ቲኤችሲ የሚያስታግስበትን መንገድም ይዘጋበታል። በሌሎች ተቀባዮች በኩል እንደሚሠራ ከእንስሳት ጥናቶች የተገኙ ፍንጮች አሉ፤ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን በሰው ላይ ካልተሞከረ አይታወቅም። «ካናቢስ ለነርቭ ሕመም ይረዳል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ወደ «ሲቢዲ ለነርቭ ሕመም ይረዳል» ወደሚለው የሚደረገው ዝላይ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ቲኤችሲ ያለባቸው ሙከራዎች

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው በ2007 በሳን ፍራንሲስኮ የታተመው ሙከራ ነው። ኤችአይቪ ባስከተለው የነርቭ ሕመም የሚሠቃዩ 50 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ የካናቢስ ሲጋራ፣ ገሚሶቹ ቲኤችሲው የወጣለት ተመሳሳይ ሲጋራ በቀን ሦስት ጊዜ አጨሱ። ካናቢስ ካጨሱት 52 በመቶ፣ ከሌሎቹ 24 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸው ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰላቸው። ውጤቱ ቸል የሚባል አይደለም። ሆኖም ሙከራው የቆየው አምስት ቀን ነው። አክስቴ ለሦስት ዓመት የተሸከሙት ሕመም በአምስት ቀን አይለካም። በ2010 በካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ ከአደጋ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የነርቭ ሕመም በቀረባቸው ጥቂት ታካሚዎች ላይ የተደረገው ሌላ ሙከራም ለአምስት ቀናት ነበር፤ በ10 ነጥብ መለኪያ አማካይ ሕመማቸው በፕላሴቦ 6.1፣ 9.4 በመቶ ቲኤችሲ ባለው ካናቢስ 5.4 ሆነ። ልዩነቱ ከአንድ ነጥብ በታች ነው።

ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም በ2018 ከ2 እስከ 26 ሳምንት የቆዩ 16 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 1750 ተሳታፊዎችን፣ አሰባስቦ መረመረ። በካናቢስ መድኃኒቶች 21 በመቶ፣ በፕላሴቦ 17 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰ። ጥናቶቹ በስፋታቸው ተመዝነው ሲጠቃለሉ ልዩነቱ 5 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ከላይ በተገለጸው መለኪያ 20 ይሆናል፤ አንድ ሰው እንዲጠቀም 20 ሰው መታከም አለበት ማለት ነው። በአንጻሩ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ሕክምናውን ያቋረጡት በካናቢሱ በኩል 10፣ በፕላሴቦው 5 በመቶ ናቸው። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ማዞርና የሐሳብ መምታታት በግልጽ በዝተዋል። ለወጣት ታካሚ ማዞር መጠነኛ ችግር ሊሆን ይችላል፤ እግራቸው ለደነዘዘ የ68 ዓመት ሴት ግን ማዞር ማለት መውደቅ ነው።

ሌላው ጉዳይ የሚጠበቀው ተስፋ ነው። ቲኤችሲ የወሰደ ሰው መውሰዱን አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሙከራውን ከተሳታፊው መደበቅ ያስቸግራል። በ2022 የታተመና 1459 ተሳታፊዎች ያሉባቸውን 20 ሙከራዎች የገመገመ ጥናት፣ ፕላሴቦ የወሰዱትም ሕመማቸው በጉልህ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሙከራዎቹን የዘገቡት መገናኛ ብዙኃን ደግሞ ውጤቱ ያም ሆነ ይህ ነገሩን በበጎ ጎኑ የማቅረብ ዝንባሌ ነበራቸው። ተስፋ ሕመምን ያስታግሳል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ጥያቄው ለዚያ ተስፋ ታካሚው ምን እንደሚከፍል ነው።

ስለዚህ ታላላቅ ተቋማት የተለያየ ቃል መናገራቸው አያስገርምም። በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች ካናቢስ ለሥር የሰደደ ሕመም እንደሚረዳ ጠንካራ ማስረጃ አለ አሉ። በ2021 ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር የሙከራዎቹን ጥራት መርምሮ አጠቃላይ አጠቃቀሙን እንደማይደግፍ አስታወቀ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2019 ቲኤችሲ ያለባቸው ውጤቶች ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ ሕመም እንዳይሰጡ፣ ሲቢዲም በጥናት ውስጥ ካልሆነ በቀር እንዳይታዘዝ ወሰነ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አደላለሁ፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልረዳው፣ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር፣ በሐኪም ክትትል ሥር ላለ ታካሚ በሩ ጨርሶ ይዘጋ ለማለት ማስረጃው አያስደፍርም።

ሲቢዲ ብቻውን

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአመዛኙ የቲኤችሲ ታሪክ ነው። ሲቢዲ ለብቻው በሕመም ላይ የተፈተነባቸው ሙከራዎች ጥቂት ናቸው። በ2024 የታተመ ግምገማ ጥራቱ የተረጋገጠ ሲቢዲ የተጠቀሙ 16 በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎችን አግኝቶ፣ በ15ቱ ከፕላሴቦ የተለየ ጥቅም አላየም። በተቃራኒው በ2020 በእግር የነርቭ ሕመም ላይ የተደረገ አንድ ሙከራ ቆዳ ላይ የሚቀባ የሲቢዲ ዘይት እንደረዳ ዘግቧል፤ ተሳታፊዎቹ ግን 29 ብቻ፣ ጊዜውም አራት ሳምንት ነበር። ቢደገም ደስ ይለኛል፤ እስኪደገም ድረስ ግን ሕክምና አይመሠረትበትም።

የመጠኑም ነገር አለ። ሲቢዲ በአሜሪካ በ2018 መድኃኒት ሆኖ የተፈቀደው ለሁለት ብርቅ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ሲሆን፣ የተለመደው የማቆያ መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 10 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 600 ሚሊግራም ይሆናል። የአክስቴ ጠርሙስ 1000 ሚሊግራሙን የያዘችው በ30 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስለሆነ፣ በቀን አንድ ሚሊ ሊትር ማለት 33 ሚሊግራም ነው። በዚያ ላይ በባዶ ሆድ በአፍ ከተወሰደ ሲቢዲ ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። መጠኑን እስከ መድኃኒቱ ከፍ እናድርግ ቢባል ጠርሙሷ ሁለት ቀን አትሞላም፤ የጉበት ኢንዛይሞች መጨመርም በዚያ መጠን የታወቀ ጉዳት ነው።

የጠርሙሷ ይዘት

በጠርሙስ ላይ የተጻፈው በጠርሙስ ውስጥ ላይኖር ይችላል። በ2017 በአሜሪካ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ውጤቶችን ገዝተው መረመሩ። መለያቸው ትክክል የነበረው 31 በመቶው ብቻ ነው፤ በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ይህ ለእኛ የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሜሪላንድ በሱቅ መደርደሪያ የሚሸጥ ዘይት ቲኤችሲ ካለበት አዲስ አበባ ሲደርስ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የሚያስጠይቅ ሊሆን ይችላል። ዕቃ አድርስ የተባለው መንገደኛ ይህን አያውቅም።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር መጋጨቱ ደግሞ ፋርማሲስት ሊጠይቅበት የሚገባ ነው። ሲቢዲ በጉበት ውስጥ መድኃኒቶችን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ሥራ ያዳክማል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን ይችላል። አሚትሪፕቲሊንን ከሚያፈርሱት ኢንዛይሞች አንዱም ሲቢዲ የሚያዳክመው ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ የአሚትሪፕቲሊን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊል፣ እንቅልፉና ማዞሩም ሊብስ ይችላል። አክስቴ ማታ ማታ የሚወስዱት ኪኒን አሚትሪፕቲሊን ነው።

መልሴም ይህ ነበር፤ ኪኒኑን አይተዉ፣ ጠርሙሷን አይክፈቷት። ቀጥሎ ግን ጠርሙሷ ባትመጣ ኖሮ ምናልባት የማላነሣውን ጥያቄ አነሣሁ። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን እንደሚቀንስ፣ የቢ12 እጥረትም ራሱ ነርቭ እንደሚጎዳ ይታወቃል። አክስቴ ሜትፎርሚን ለዐሥራ አራት ዓመት ወስደዋል፤ በጾም ወራት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምሱም፤ ቢ12 ግን ተለክቶላቸው አያውቅም። በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሯቸው አብሬያቸው ሄጄ ሐኪማቸውን ጠየቅን። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘና መርፌው ተጀመረላቸው። ስኳሩ የጎዳውን ነርቭ መርፌው አይመልሰውም፤ ማቃጠሉም አልጠፋም። ሐኪሙ የአሚትሪፕቲሊኑን መጠን በጥቂቱ ከፍ አድርጎላቸው፣ በየማታው እግራቸውን በመስተዋት እንዲመለከቱ ነግሯቸዋል። ጠርሙሷ እስካሁን ሳትከፈት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች፤ ልጃቸው በስልክ «እየወሰድሽው ነው?» ብላ ስትጠይቅ አክስቴ ምን ብለው እንደሚመልሱላት ገና አልወሰኑም።